ስለ 2,147,483,647 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ቁጥር ብዙ ሰው የሚተዋወቀው ሲያስቸግረው ነው። አንድ ፕሮግራም ሳይታሰብ ቆሞ፣ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ማንም ያላስገባው ነገር ተጽፎ ተገኝቶ፣ ወይም በኮምፒውተር ጨዋታ የተጠራቀመ ገንዘብ ከዚህ አላልፍ ብሎ «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» ሲባል። እኔ በሌላ በር ነው የገባሁት። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሳይታሰብ በፊት ዓይኑ የታወረ አንድ ሽማግሌ የመረመረው ቁጥር መሆኑን ካነበብኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከሒሳብ ተማሪዎችም ከሒሳብ ሠራተኞችም የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። አንዳንዶቹን በአንድ መስመር አልፋቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ላይ እቆያለሁ።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል? በግዕዝ አኀዝስ እንዴት ይጻፋል?

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። በግዕዝ አኀዝ ለመጻፍ ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኀዝ እያደረጉ መክፈል ነው፦ 21፣ 47፣ 48፣ 36፣ 47። ከዚያ በየመካከሉ ፼ እና ፻ ተራ በተራ ይገባሉ፤ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ይሆናል። ሲፈታ 214,748 እልፍ ከ3,647 ማለት ነው። የግዕዝ አኀዝ ዜሮ የለውም፤ ይህ ቁጥርም ከዐሥሩ አኀዞቹ አንዱም ዜሮ አይደለምና ሁለቱ ይስማማሉ።

ከሌሎች ባለ ዐሥር አኀዝ ቁጥሮች በምን ይለያል?

ውስብስብ ይመስላል እንጂ አፈጣጠሩ ሕፃን የሚረዳው ነው። ከ1 ይነሡና እጥፍ እጥፉን ይውሰዱ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ሲያጥፉት 2,147,483,648 ይደርሳል። ከዚያ ላይ አንድ ይቀንሱ። በሒሳብ አጻጻፍ 2³¹ − 1 ይባላል።

በሌላ መንገድም ይገኛል። 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ እስከ 1,073,741,824 ድረስ ያሉትን 31 ቁጥሮች ቢደምሩ ውጤቱ ይኸው ነው። በቼዝ ሰሌዳ ላይ በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት እየተደረገ የሚቀመጥበትን የድሮ ተረት የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ የመጀመሪያዎቹ 31 ቤቶች የሚይዙት የፍሬ ብዛት ይህ ነው። በተረቱ ፍሬው ስንዴ ነበር። ጤፍ ቢሆንስ? አንድ የጤፍ ፍሬ ከአንድ ሚሊግራም ሲሶ ገደማ ስለሚመዝን፣ ሁሉም ተሰብስቦ ስድስት ሰባት ኩንታል ቢሆን ነው። ለቁጥሩ ግዝፈት ትንሽ ያሳዝናል፤ አንድ አይሱዙ መኪና እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ቀጣዩ 32ኛው ቤት ብቻውን እስከዚያ ከተቀመጠው ሁሉ በአንድ ፍሬ የሚበልጥ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላም 32 ቤቶች ይቀራሉ።

ኮምፒውተር በሚጠቀምበት የሁለትዮሽ አጻጻፍ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ፣ ሠላሳ አንድ የ1 ምልክቶች ተሰልፈው ይታያሉ፤ በመካከላቸው አንድም 0 የለም።

ብቸኛ ቁጥር ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈለውን ነው። በቀላሉ የሚፈተሹትን እርስዎም ሊሞክሯቸው ይችላሉ። በ7 የሚያልቅ ስለሆነ በ2 እና በ5 አይካፈልም። አኀዞቹ ሲደመሩ 46 ይሆናሉ፤ 46 የ3 ብዜት ስላልሆነ በ3 አይካፈልም። በ7 ሲካፈል 1 ይቀራል።

ችግሩ የት ላይ እንደሚቆሙ ነው። 46,341 በራሱ ሲባዛ 2,147,488,281 ይሆንና ቁጥራችንን ያልፈዋል፤ ስለዚህ እስከ 46,340 ድረስ አካፋይ ካልተገኘ ከዚያ በላይ መፈለግ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ከ46,340 በታች ወደ 4,800 የሚጠጉ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። በእጅ እያንዳንዱን ለመሞከር ትዕግሥትም ብርሃንም ይጠይቃል።

ኦይለር ይህን ሁሉ በእጁ አካፈለ? ማየት አይችልም ነበር አይደል?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ።

ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 በጻፈው ደብዳቤ 2³¹ − 1 ብቸኛ መሆኑን ገልጿል። በዚያን ጊዜ የስድሳ አምስት ዓመት ሰው ነበር፤ የሚኖረውም በሴንት ፒተርስበርግ። ቀኝ ዓይኑን ያጣው ገና በጎልማሳነቱ ነው፤ ግራውን ደግሞ የዓይን ሞራ ጋረደው። እ.ኤ.አ. በ1771 ከተማዋን ያጋየው እሳት ቤቱን በላበት፤ እርሱ በሰው እርዳታ ተረፈ። በዚያው ዓመት የተደረገለት የዓይን ሕክምና ለአጭር ጊዜ ብርሃን ቢሰጠውም መልሶ ጨለመበት። ልጆቹና ረዳቶቹ እየጻፉለት፣ እርሱ በቃሉ እያሰላ ነበር የሚሠራው። የሥራው መጠን ደግሞ ከመታወሩ በኋላ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

4,800 ጊዜ አላካፈለም። ከማካፈል በፊት አሰበ። መነሻ የሆነው ከእርሱ አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ያስተዋለው ነገር ነው፦ 2³¹ − 1ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ ያ ቁጥር የግድ ከ62 ብዜት በአንድ የሚበልጥ መሆን አለበት። 62 የመጣው 31 እጥፍ ሲሆን ነው። ሕጉ የሚሠራ መሆኑን በትንንሾቹ ላይ ማየት ይቻላል። 2¹¹ − 1 ማለት 2,047 ነው፤ ይህም 23 ሲባዛ በ89 ነው፤ 23 ከ22 በአንድ ይበልጣል፣ 89 ደግሞ ከ88። 2²³ − 1ን የሚያካፍለው 47 ከ46 በአንድ ይበልጣል። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

በዚህ ላይ ኦይለር ሁለተኛ ወንፊት ጨመረ። እንዲህ ያለው አካፋይ በ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ 3 ወይም 5 ፈጽሞ አይሆንም። ሁለቱ ሁኔታዎች ሲጣመሩ፣ ሊሞከር የሚገባው ቁጥር በ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚቀረው ብቻ ይሆናል። ከ46,340 በታች እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ስንት ናቸው? ራሱን 1ን እና በግልጽ በ3 የሚካፈለውን 63ን ትተን 372 ብቻ። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ራሳቸው ብቸኛ አይደሉም፤ 249 በ3 ይካፈላል፣ 745 በ5 ያልቃል። በእርግጥ መሞከር ያለበት የመጀመሪያው 311 ነው፤ ሲካፈል 35 ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው 1,303 ነው። በዚህ ዓይነት ሥራው ከ4,800 ወደ ጥቂት ደርዘኖች ይወርዳል። አንዱም አካፋይ ሆኖ አልተገኘም።

ተማሪዎች «ታዲያ ጎበዝ አስሊ ነበር» ሲሉኝ ደስ አይለኝም። ጉብዝናው ያላካፈላቸው ላይ ነው።

«የመርሴን ብቸኛ ቁጥር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከ2 እጥፎች አንድ ተቀንሶ የሚገኝ ብቸኛ ቁጥር ማለት ነው፦ 3፣ 7፣ 31፣ 127 እያለ ይቀጥላል። የእኛው ስምንተኛው ነው። ስሙ የመጣው ከፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን ነው፤ በዘመኑ ሊቃውንቱን በደብዳቤ የሚያገናኝ፣ ያለ እርሱ ብዙዎቹ የማይተዋወቁ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1644 እስከ 257 ድረስ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡ አርቢዎች (አርቢ ማለት በ2³¹ ላይ እንዳለው 31፣ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ የሚነግረው ቁጥር ነው) እነዚህ ናቸው ብሎ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257ን ዘረዘረ። ሁለቱ ስሕተት ናቸው፤ 67 እና 257። ሦስት ደግሞ ዘለለ፤ 61፣ 89 እና 107። በአምስት ቦታ የተሳሳተ ሰው ስሙ ለዘላለም ሲጠራ ማየት ያጽናናል።

ከእርሱ በፊት የቦሎኛው ፒየትሮ ካታልዲ 2¹⁷ − 1 እና 2¹⁹ − 1 ብቸኛ መሆናቸውን በትክክል አረጋግጦ ነበር። ቀጥሎም 23፣ 29፣ 31 እና 37 ብቸኛ ይሰጣሉ አለ። ከአራቱ የተሳካለት 31 ላይ ብቻ ነው። 23ን በ47፣ 37ን በ223 ያፈረሰው ፌርማ ነው፤ 29ን በ233 ያፈረሰው ኦይለር። እዚህ ላይ ካልኩሌተር ያለው አንባቢ 223 ከ74 ብዜት፣ 233 ከ58 ብዜት በአንድ መብለጣቸውን ይመልከት።

ለጥንቃቄ ያህል፦ አርቢው ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱ ብቸኛ ሊሆን አይችልም። አርቢው ብቸኛ መሆኑ ግን ዋስትና አይደለም፤ 11 ብቸኛ ሆኖ ሳለ 2,047 አለመሆኑን ከላይ አይተናል።

እውነት በታሪክ ትልቁ የታወቀ ብቸኛ ቁጥር ነበር?

ወደ አንድ መቶ ዓመት ገደማ፣ አዎ። እንዲያውም እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1811 ከዚህ ቁጥር የሚወጣውን ፍጹም ቁጥር አንሥቶ፣ ከዚህ የሚበልጥ መቼም አይገኝም፤ ለማወቅ ያህል እንጂ ለጥቅም ስላልሆነ ማንም አይደክምበትም ብሎ ጻፈ። ፍጹም የሚባለው ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው፤ 6 ማለት 1 ሲደመር 2 ሲደመር 3 እንደ ማለት። ኤውክሊድ እንዳሳየው እያንዳንዱ የመርሴን ብቸኛ ቁጥር ከአንድ ፍጹም ቁጥር ጋር ይመጣል። የእኛው የሚያመጣው 2³⁰ ሲባዛ በ2³¹ − 1፣ ማለትም 2,305,843,008,139,952,128 ነው።

ባርሎ የሰውን ልጅ ግትርነት አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አሳየ፤ 39 አኀዝ ያለው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው ደግሞ አርቢው 136,279,841 ሲሆን፣ ሲጻፍ 41,024,320 አኀዞች አሉት። ጥቅም የለውም ለተባለው ነገር መጥፎ አይደለም።

የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ ሊጻፍ ይችላል?

አይችልም፤ በ4 ሲካፈል 3 ይቀራልና። በሦስት ካሬዎችም አይሆንም፤ በ8 ሲካፈል 7 የሚቀረው ቁጥር ሁሉ አራት ይፈልጋል። አራት ካሬዎች ግን ይበቁታል፦ 46,339² + 425² + 10² + 1²። አንድ ምሽት በእርሳስ ፈልጌ ያገኘሁት ነው፤ ሌሎች አማራጮችም አሉ።

«የኢትዮጵያ ማባዛት» ከዚህ ቁጥር ጋር ምን ያገናኘዋል?

በውጭ አገር የሒሳብና የፕሮግራም መማሪያዎች ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዛት»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» እየተባለ የሚጠራ ዘዴ አለ። የማባዣ ሠንጠረዥ ማጥናት አይጠይቅም። በግራ ያለውን ቁጥር ለሁለት እየከፈሉ (ቀሪ ካለ እየጣሉ)፣ በቀኝ ያለውን እያጠፉ ይወርዳሉ። በግራ ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር የመጣበትን ረድፍ ይሰርዙታል፤ የተረፉትን የቀኝ ቁጥሮች ይደምራሉ።

31ን በ5 እናባዛ። በግራ 31፣ 15፣ 7፣ 3፣ 1 ይወርዳል፤ በቀኝ 5፣ 10፣ 20፣ 40፣ 80። በግራ ያሉት ሁሉም ጎዶሎ ናቸው፤ የሚሰረዝ የለም። ድምሩ 155። በ2,147,483,647ም ይኸው ይሆናል፦ 1,073,741,823፣ 536,870,911 እያለ ሠላሳ አንድ ረድፍ ወርዶ 1 እስኪደርስ ድረስ አንድም ጊዜ ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር አይመጣም። ይህ ከላይ ያነሣነው የሠላሳ አንዱ የ1 ምልክቶች ሰልፍ ነው፤ ዘዴው ራሱ የሁለትዮሽ አጻጻፍ ነውና።

ታዲያ ኮምፒውተር ለምን እዚህ ላይ ይቆማል? ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ነው?

አይደለም። ይህን የሚሉ ሰዎች በየጊዜው ያጋጥሙኛል፤ ሁለቱ ነገሮች የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። ብቸኛነቱ የቁጥሩ የራሱ ጠባይ ነው፤ ማንም ሊለውጠው አይችልም። ገደብ መሆኑ ግን የመሐንዲሶች ውሳኔ ነው።

ብዙ ፕሮግራሞች አንድን ሙሉ ቁጥር የሚያስቀምጡት በ32 ቢት ነው። ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚይዝ አንድ ቦታ ነው። አንዱ ቢት ነጌቲቭ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ይወሰዳል፤ 31 ቢት ይቀራል። ሁሉም በ1 ሲሞሉ የሚገኘው ትልቁ ቁጥር የእኛው ነው። በዚያ ላይ አንድ ሲጨመር ቆጣሪው ዞሮ −2,147,483,648 ይሆናል። የድሮ መኪና የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዘጠኝ በዘጠኝ ከሆነ በኋላ ወደ ዜሮ እንደሚመለሰው ነው፤ ይህኛው ግን ዜሮ ላይ አይቆምም፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቃል።

ገደቡ በአጋጣሚ ብቸኛ እንደሆነ ለማየት በ64 ቢት የሚሠራውን ገደብ ይመልከቱ። 2⁶³ − 1፣ ማለትም 9,223,372,036,854,775,807 ነው። 63 ብቸኛ አይደለምና ይህም ብቸኛ አይደለም፤ በ7ም፣ በ73ም፣ በ127ም ይካፈላል። ኮምፒውተሩ ግን ልዩነቱ አይገባውም፤ ሥራውን ይሠራል።

በመዝገባችን የብዙ ደንበኞች ስልክ 2147483647 ሆኖ ተገኘ። ሰርጎ ገብ ነው?

ሰርጎ ገብ አይደለም፤ ሠንጠረዡን የሠራው ሰው ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ይህንኑ አይቻለሁ፤ መቶ የሚሆኑ ሰዎች አንድ ስልክ የሚጋሩ መስሎ ነበር፤ እስኪገባን ድረስ ግማሽ ቀን ሄደ።

የሆነው እንዲህ ነው። ስልክ ቁጥር እንደ ሙሉ ቁጥር እንዲመዘገብ ተደርጓል። በ09 የሚጀምረው ስልክ ሲገባ መነሻ ዜሮው ይጠፋና ዘጠኝ አኀዝ ይቀራል፤ 900 ሚሊዮን ቤት ስለሆነ ይያዛል። በ251 ጀምሮ የተጻፈው ግን ዐሥራ ሁለት አኀዝ ነው፤ 32 ቢት አይችለውም። እንደ ማይኤስኪውኤል ያሉ የመረጃ ቋቶች ጥብቅ ካልተደረጉ ስሕተት ነው ብለው አይጮኹም፤ ያልቻሉትን ሁሉ ወደ ትልቁ የሚችሉት ቁጥር ቆርጠው ያስቀምጣሉ። የተቆረጠው አይመለስም። መፍትሔው ስልክን እንደ ጽሑፍ መመዝገብ ነው፤ ስልክ የሚደመርና የሚቀነስ ነገር አይደለምና።

ስለ ዩቲዩብ የሚወራውስ?

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 «ጋንግናም ስታይል» የተባለው የደቡብ ኮሪያ ዘፈን የተመልካች ቆጣሪው ወደዚህ ቁጥር ደረሰ። ዜናው «ዩቲዩብን ሰበረው» እያለ ቢናፈስም ቆጣሪው ወደ 64 ቢት እንዲያድግ ተደርጓል።

2038 ላይ ምን ይሆናል?

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት በግሪንዊች ሰዓት ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ በየሰከንዱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቢቆጥሩ እዚህ ቁጥር ላይ የሚደርሱት ከ24,855 ቀናት ከ3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ በኋላ ነው፤ 68 ዓመት መሆኑ ነው። በግሪንዊች ሰዓት እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 ይውላል።

ወደ እኛ አቆጣጠር ስለውጠው ሣቅሁ። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ጠዋት ነው። ጃንሜዳ ሕዝቡ ጠበል ሊረጭ በተሰበሰበበት ሰዓት፣ ያልታደሰ 32 ቢት ሰዓት ያለው መሣሪያ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ሌሊት ይመለሳል፤ ምኒልክ ገና በዙፋን ላይ ወዳሉበት ዘመን።

አዳዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በአብዛኛው በ64 ቢት ስለሚቆጥሩ አይነካቸውም። የሚያሳስበው ማንም የማያስታውሰው መሣሪያ ነው፦ በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ መቆጣጠሪያ፣ አሮጌ የፋብሪካ ማሽን፣ አምራቹ የተወው ቆጣሪ። ባንኮች ደግሞ እስከዚያ ቀን መጠበቅ አይችሉም፤ የሃያ ዓመት ብድር ዛሬ የሚያሰላ ፕሮግራም ከወዲሁ ከ2038 አልፎ ማየት አለበት።

በፕሮግራም ዕጣ ሲወጣ ይህ ቁጥር የሚገባው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ በመጨረሻ ብቸኛነቱ ራሱ ሥራ ይሠራል። ኮምፒውተር በራሱ ዕጣ ማውጣት አያውቅም፤ ዕጣ የሚመስል ተከታታይ ያሰላል። ከታወቁት ዘዴዎች አንዱ እንዲህ ነው፦ ያለዎትን ቁጥር በ16,807 ያባዙ፣ በ2,147,483,647 ያካፍሉ፣ ቀሪውን ይያዙ፤ ይደግሙ። ከ1 ቢነሡ 16,807፣ ቀጥሎ 282,475,249፣ ቀጥሎ 1,622,650,073 ይመጣል። ዘዴው ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ጎብኝቶ ነው ወደ መነሻው የሚመለሰው።

ነገሩን በትንሹ ለማየት በ3 እያባዙ በ7 እያካፈሉ ቀሪውን ይያዙ፦ 1፣ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5 እና እንደገና 1። ሁሉም ተዳረሰ። በ7 ፈንታ ብቸኛ ባልሆነው በ8 ቢያካፍሉ 1፣ 3፣ 1፣ 3 እያለ ይሽከረከራል። ማካፈያው ብቸኛ ሲሆን ሁሉን የሚያዳርስ ማባዣ መገኘቱ የተረጋገጠ ነው። ማባዣው 16,807 ደግሞ ከሰማይ አልወረደም፤ 7 አምስት ጊዜ በራሱ የተባዛ ነው። ስቲቨን ፓርክ እና ኪት ሚለር እ.ኤ.አ. በ1988 ከዚህ ያነሰ አትጠቀሙ ብለው እንደ ዝቅተኛ መለኪያ አቅርበውታል። ለጨዋታና ለቀላል ሙከራ ይበቃል። ለሎተሪ ግን እንዳትጠቀሙበት፤ አንዱን ዕጣ ያወቀ ሰው ቀጣዩን ያሰላዋል።

የምስጢር ቁልፍ ለመሥራት ይሆናል?

አይሆንም። ዛሬ ለዚህ የሚያገለግሉት ብቸኛ ቁጥሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ አኀዞች ያሏቸው ናቸው። ይህን ኦይለርም ይሰብረዋል።

ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው?

ከፊቱ ያለው ብቸኛ ቁጥር 2,147,483,629 ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው 2,147,483,659። በሁለት የሚራራቅ መንታ የለውም፤ በአንድ በኩል በ5፣ በሌላ በኩል በ3 የሚካፈል ይጠብቀዋል።

ብቸኛነቱን ዛሬ ራሴ ላረጋግጥ ብል አጭር መንገድ አለ?

አለ፤ ሉካ ጀምሮት ዴሪክ ሌመር እ.ኤ.አ. በ1930 ያስተካከለው ፈተና። ከ4 ይነሡ። በራሱ አባዝተው 2 ይቀንሱ፣ በሚፈትሹት ቁጥር አካፍለው ቀሪውን ይያዙ። ለ31 (2⁵ − 1) እንሞክረው፦ 4፤ ቀጥሎ 14፤ ቀጥሎ 194 ሲሆን በ31 ተካፍሎ 8 ይቀራል፤ ቀጥሎ 62፣ በ31 ሲካፈል ቀሪው 0። አርቢው 5 ነበር፤ ከእርሱ በሁለት ባነሰ፣ በሦስት እርምጃ 0 ላይ ደረስን፤ ስለዚህ ብቸኛ ነው። ለ2,147,483,647 የሚያስፈልገው 29 እርምጃ ነው። ካልኩሌተር ይዞ፣ ቡና እየጠጡ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

2ን በዚህ ቁጥር ያህል አጥፈን አንድ ብንቀንስስ? ያም ብቸኛ ይሆናል?

ጥያቄው የሚመስለውን ያህል የዋህ አይደለም። 7 የሚገኘው ከ3 ነው፣ 127 ከ7፣ የእኛው ከ31፤ አርቢዎቹ ራሳቸው የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። እንዲህ ያሉ ድርብ የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች እስከ ዛሬ የታወቁት አራት ብቻ ሲሆኑ አራተኛው የሉካ 2¹²⁷ − 1 ነው። ስለዚህ አንድ ደረጃ ወደ ላይ መውጣት ያጓጓል። የሚገኘው ቁጥር ሲጻፍ ከ646 ሚሊዮን በላይ አኀዝ አለው፤ በአንድ ገጽ 3,000 አኀዝ ብናትም ከ215 ሺህ ገጽ ያልፋል።

ብቸኛ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 አካፋይ ተገኘለት፤ 295,257,526,626,031። የፌርማ ሕግ እዚህም ይሠራል፦ 137,490ን በ2,147,483,647 አባዝተው 1 ይጨምሩበት።